የእኛ ቤት ጆሮ

መጋቢት 14

ይድረስ ለወንድሜ፣

ሰላምታውን ገጽ ሙሉ አላስረዝመውም፤ ደብዳቤ ስታነብ ከመጨረሻው እንደምትጀምር አውቃለሁ። አባባ ደህና ናቸው፣ እኔ ደህና ነኝ፣ መኪናዋም ደህና ናት። የስፌቷን ማለቴ ነው፤ ሌላ መኪና ከየት አባቴ አመጣለሁ? የትምህርት ቤቱ ዩኒፎርም ትእዛዝ ስለመጣ ሳሎኑ በሰማያዊ ጨርቅ ተሞልቷል። አባባ በዳበሳ ሲሄዱ እጅጌና ኮሌታ እየረገጡ፣ «ይሄን ማን መሬት ጣለው?» እያሉ ይቆጣሉ። ዓይናቸው ጠፍቶም ልብስ ሰፊነታቸው አልተዋቸውም።

ስልክ ያልደወልኩት ተቀይሜ እንዳይመስልህ። እናንተ ቤት ስልክ ሲነሳ ሦስታችሁም በአንድ ጊዜ ነው የምታወሩት። እዚህ ደግሞ አባባ መስማት ስላቃታቸው «ምን አለ? ምን አለ?» እያሉ ያስጮኹኛል። ደብዳቤ ይሻለኛል።

የልጅህን የድንቡሼን ነገር አንብቤ እንደያዝኩት ቁጭ አልኩ። ጆሮዋን በፕላስተር ለጥፋ ነው ትምህርት ቤት የሄደችው? ሲላቀቅ ደግሞ ቆዳዋ ተነሳ? እኔ ልላጥላት። «ሁለት በሯ የተከፈተ ታክሲ» ያላት ልጅ ማን እንደሆነ አጣራልኝ፤ ሱሪውን እኔ እሰፋለታለሁ፣ መርፌዬንም መቀመጫው ላይ እረሳዋለሁ። በእኔ ጊዜ «ድስት» ነበር የሚሉኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እኔ የሰማሁት ትምህርት ከጨረስኩ በኋላ ነው። አንተ የእማማን ጆሮ ይዘህ ተወለድክና ከዚህ ሁሉ አመለጥክ። የአባባን ጆሮ ወርሼ የቀረሁት እኔ ነኝ፣ ድንቡሼ ደግሞ አንተን ዘላ ከእኔ ወሰደች።

ስለ ጆሮ ቀዶ ሕክምናው ለጠየቅከኝ ነገር መልሴ እሺ ነው። «እትዬ ቀድማ ከገባች እገባለሁ» ካለች እትዬዋ ትገባለች። ሐኪሙ ለትልቅ ሰውም ይሠራል ካለ ከእኔ የተለቀ ከየት ይመጣል? ሚስትህ ደግሞ «በዚህ ዕድሜዋ?» ማለቷ ተገቢ ነው፤ ባል ፍለጋ አይደለም በላት። ልጅቷ አየችኝ፣ አልሞትኩም፣ እሷም አልጋው ላይ ወጣች፤ ነገሩ ይኸው ነው። ብቻ ያስተኙኝ እንደሆነና ሲሰፉ ድምፅ እሰማ እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቅልኝ።

ለአባባ ግን እንዳትነግራቸው፤ ለሥራ ነው የመጣችው በላቸው፣ እኔ በሌለሁበት ጎረቤታችን ጡረተኛዋ ነርስ ትይዛቸዋለች። ዛሬ ጠዋት እንደ ልማዳቸው ሁለቱን ጆሮዬን ይዘው «ሽንሽኔ፣ አለሽ?» ሲሉኝ ልነግራቸው ከጅዬ ተውኩት። ሕፃን ሆኜ የጀመሩትን ሰላምታ አንድም ቀን ሳይዘሉት ይኸው ሸበትኩ። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ደግሞ ቶሎ አይለቁኝም። ሻዩ ቀዘቀዘ እያልኩ እጮኻለሁ።

እህትህ

መጋቢት 27

ለእትዬ፣

በመጀመሪያ ስለዘገየሁ ይቅርታ። ፋብሪካው ውስጥ አንድ ትልቅ ሞተር ተቃጥሎ ሳምንቱን ሙሉ ሥሩ ተጋድሜ ስጠግን ነበር። ጥፋቱ የእኔ አይደለም፣ ግን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆነህ አንድ ነገር ሲቃጠል ሁሉም አንተን ነው የሚያየው።

የጠየቅሽኝን ሁሉ ሐኪሙን ጠየቅኩት። አንቺን አያስተኙሽም፤ ጆሮሽን ብቻ ያደነዝዙታል። ልጆችን ግን ሙሉ በሙሉ ያስተኛሉ። የሚቆርጡት ከጆሮ ጀርባ ስለሆነ ጠባሳው አይታይም። ከዚያ ውስጥ ያለውን ለስላሳ አጥንት ያጥፉትና ወደ ጭንቅላት ጠጋ አድርገው ይሰፉታል። እንደ ሽንሽን ነው ብዬ ገባኝ፣ ከእኔ በላይ ለአንቺ ይገባሻል። አንድ ሳምንት ገደማ ፋሻ አለ፣ ከዚያ በኋላ ለጊዜው ስትተኚ የምታስሪው መቀነት ነገር ይሰጡሻል። ድምፅ ትሰሚ እንደሆነ የጠየቅሽውን ሐኪሙ ሳቀና «ስንሰፋ ትሰማለች፣ ግን አያማትም» አለኝ። የልብስ ሰፊ ልጅ ናት አልኩት።

ድንቡሼ ቀኑን ከግድግዳው ካላንደር ላይ እየሰረዘች ነው። «ከእትዬ ጋር አንድ ዓይነት ፋሻ ነው የምናደርገው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ስሟ ድንቡሼ ይሁን እንጂ አሁን ክብሪት እንጨት ሆናለች፤ መብላት ትታለች። የትምህርት ቤቱ በር ሲቃረብ እጄን ትለቅና ፀጉሯን ወደ ፊት ትጎትታለች። ይህን ሳይ ምን እንደምሆን አንቺ ታውቂያለሽ።

አባባን ጡረተኛዋ ነርስ ከያዘቻቸው ሐሳቤ ያርፋል። አልነገርኳቸውም። እንዳልሽው ለሥራ ነው የመጣችው እላለሁ፣ ከሰሙኝ።

ባለቤቴ ይቅርታ ጠይቅልኝ ብላለች፤ ስለ ዕድሜ ያለችው በክፋት አይደለም።

ወንድምሽ

ግንቦት 3

ለወንድሜ፣

በሰላም ገብቻለሁ። መቀነቱን ሳስር ቴኒስ ልትጫወት የወጣች አሮጊት እመስላለሁ። ስፌቱ ደርቋል፣ እያሳከከኝ ነው፤ ሐኪሙ አትንኪው ያለኝን እጄን በእጄ እየመታሁ እጠብቃለሁ።

በደንብ ሳልሰናበታችሁ መሄዴ ከልቤ አልወጣም። «ምን አልሻት? ምን አለችሽ?» ብለህ ጣቢያው ድረስ ስትከተለኝ መልስ ያልሰጠሁህ ማልቀስ እንዳልጀምር ነው። አሁን ልንገርህ።

ፋሻው የተፈታ ዕለት ሆስፒታሉ መታጠቢያ ቤት ገብቼ መስተዋት አየሁ። አልዋሽህም፣ ደስ አለኝ። ለልጅቷ ብዬ ነው እያልኩ የገባሁት ሴትዮ እዚያ ቆሜ ፀጉሬን ወደ ኋላ ሰብስቤ ያዝኩና ሳቅኩ። ዕድሜዬን ሙሉ በሻሽና በፀጉር የሸፈንኩት ነገር አሁን የለም። የሌላ ሰው ጆሮ ይመስላል፣ ልኩን የጠበቀ፣ የሱቅ ዕቃ የመሰለ። እንደዚያው ፀጉሬን አስሬ በእግሬ ወደ ቤታችሁ መጣሁ፤ ነፋስ አንገቴን ሲነካኝ ልጅ የሆንኩ መሰለኝ።

ድንቡሼ በሩን ከፈተችልኝ። አየችኝ። ቀኝ አየች፣ ግራ አየች። ከዚያ ጠረጴዛው ሥር ገባች። እኔ የፈራች መስሎኝ ተንበርክኬ «አያምም፣ ንኪው» አልኳት። ያለችኝን ቃል በቃል ልጻፍልህ። «ሲስቁብኝ እትዬም እንደዚህ ናት እል ነበር። አሁን ምን ልበል?»

ምን ይባላል? ድፍረት ልሰጣት ሄጄ የነበራትን ወሰድኩባት። በማግስቱ አልገባም ብላ የአልጋውን እግር ይዛ ስትጮህ እናንተ መርፌ የፈራች መሰላችሁ፤ እኔ አውቅ ነበር፣ ዝም አልኩ። ይቅር በለኝ። እንዴት ናት? ትበላለች?

አባባ ደህና ናቸው። ትንሽ ምግብ ቀንሰዋል። ሙቀቱ ይሆናል።

እህትህ

ግንቦት 15

ለእትዬ፣

ያልሽውን ለባለቤቴ ሳነብላት ድንቡሼ ጓዳ ነበረች። ቤታችን ትንሽ ነው፣ ግድግዳውም ጆሮ አለው፤ ሰምታለች መሰለኝ። ማታውን መጥታ «እትዬ ተቀየመችኝ?» አለችኝ። ማንም አልተቀየመሽም አልኳት። ሐኪሙ ትምህርት ሲዘጋ አምጧት ብሏል፣ ለሰኔ መጨረሻ ቀጠሮ ይዘናል። ያኔም አልገባም ካለች አንጎትታትም። አንቺም ራስሽን አትውቀሺ፤ አስቤ ያመጣሁብሽ እኔ ነኝ።

አሁን ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ጡረተኛዋ ነርስ ደውላ ነበር። አባባ በር ላይ ወንበር አስወጥተው አላፊ አግዳሚውን «ልጄን አያችኋት ወይ?» እያሉ ይጠይቃሉ አለችን። እኔም ምናልባት እትዬ ጨርቅ ልትገዛ ወጥታ ይሆናል አልኩ። «እሷማ ከኋላቸው ቆማለች» አለችኝ።

ከኋላቸው ቆመሽ ከሆነ ማንን ነው የሚጠይቁት?

ወንድምሽ

ግንቦት 22

ለወንድሜ፣

ሙቀቱ አይደለም።

የገባሁ ዕለት ነርሷ ስትሄድ ወደ ወንበራቸው ሄጄ ተንበረከክሁ። እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ዘረጉ፣ ያዙኝ። ከዚያ ጣቶቻቸው ቆሙ። ከላይ ጀምረው ጠርዙን ወረዱ፣ ስፌት ሲመረምሩ እንደሚያደርጉት፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት። ደግመው ከላይ ጀመሩ። «ይሄ ኮሌታ የእኔ ስፌት አይደለም» አሉኝ።

የቀለዱ መስሎኝ ሳቅኩ። እሳቸው ግን እጃቸውን ሰበሰቡና «ይቅርታ ያድርጉልኝ እመቤት፣ ልጄ መስለውኝ ነው» አሉኝ። አንቱ አሉኝ፤ የወለዱኝ አባቴ። ከዚያ ቀን ወዲህ በአንቱታ ነው የምንነጋገረው። «እርስዎን ማስቸገሬ ነው» ይሉኛል ሻይ ስሰጣቸው። ሸሚዛቸውን ልቀይር ስል አፍረው ቁልፉን በሁለት እጃቸው ይይዛሉ።

ድምፄን አያውቁም ወይ ትላለህ። መቼ ይሰማሉ? ስጮህ የተቆጣኋቸው ይመስላቸዋል፣ ይደነግጣሉ። መርሳቱ ከዚህ በፊትም ነበር፤ የእማማን ሞት ረስተው ሲጠይቁኝ፣ ቁርስ በልተው አልበላሁም ሲሉኝ ሳቅ አድርጌ አልፈው ነበር። ግን ጠዋት ጆሮዬን ሲይዙ ሁሉ ነገር ቦታው ይመለስ ነበር። ሰላምታ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ እሳቸው ለካ በዚያ ነበር የሚያውቁኝ። አሁን ገባኝ፣ ምን ያደርጋል።

የሚያስፈራኝ ምግቡ ነው። «ልጄ ስትመጣ አብረን እንበላለን» ይላሉ። እንግዳ ላለማስቀየም ዳቦውን ይቀበሉኛል፣ ያመሰግኑኛል። ኮታቸውን ላጥብ ስል ኪሱ በሙሉ የደረቀ ዳቦ ነው። ለልጃቸው ያስቀመጡት።

ያልሞከርኩት የለም። ጥጥ ጠቅልዬ ከጆሮዬ ጀርባ ወትፌ በፕላስተር ለጠፍኩ፣ ወደ ፊት እንዲወጣ። የአንተ ልጅ ወደ ኋላ ትለጥፋለች፣ እኔ ወደ ፊት እገፋለሁ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ፕላስተር ጨረሰ። ሲዳብሱ ጥጡን አገኙት። «ታመዋል እንዴ እመቤት?» አሉኝ፣ አዝነውልኝ።

ለሐኪሙም ጽፌለት ነበር፣ ይፈታ እንደሆነ። ክሩን መፍታት ይቻላል፣ ጆሮው ግን እንደ ነበረው አይሆንም ብሎ መለሰልኝ። እሱን እንኳ ባልጠይቀውም አውቀው ነበር፤ ሽንሽን ተፈትቶ እንደ አዲስ ጨርቅ ሆኖ አያውቅም።

እንዳትመጣ፣ እንዳትደውል። ማልቀሴን መስማት የለብህም።

እህትህ

ሰኔ 2

ለእትዬ፣

ደብዳቤሽን ይዤ ፋብሪካው ጓሮ ቆሜ ቀረሁ። እንዳትመጣ ብትዪም አንድ እግሬ አውቶቡስ ላይ ነበር። ግን ብመጣስ ምን ይዤ? አባባ እኔን በጆሮዬ ይዘውኝ አያውቁም። ትከሻዬን መታ አድርገው «አንተ» ይሉኝ ነበር፣ ያው። ልጅ ሳለሁ አንቺ ስትያዢ ከበሩ ጀርባ አያለሁ፤ ድስት ቢሉኝም እንደ እሷ በሆንኩ እል ነበር። አሁን ትከሻዬን ቢመቱ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነው የምመስላቸው።

የልጅቷን ጉዳይ የጠየቅሽኝን ልመልስ። መብላት ጀምራለች። እኔ ሳልነግራት ሁሉንም ታውቃለች፤ ደብዳቤውን ከኪሴ አውጥታ አንብባዋለች መሰለኝ፣ ተመልሶ የታጠፈው በሌላ በኩል ነው። ትናንት እራት ላይ ማንኪያዋን አስቀምጣ፣ «አባባ እኔን ቢይዙኝ ያውቁኛል?» አለች። እናቷ አየችኝ። እኔ ሾርባዬን አየሁ።

ቀጠሮዋ በሰኔ መጨረሻ ነው፤ ካለፈ ወረፋው ሩቅ ነው። ከገባች ደግሞ በቤታችን ያ ጆሮ ያለው ሰው አይኖርም። ሁለቱን ነገር በሁለት እጄ ይዤ አልቻልኩም። ታላቄ ነሽ፣ አንቺ ፍረጂ።

ወንድምሽ

ሰኔ 8

ለወንድሜ፣

የተበላሸ ነገር ሲኖር ታላቅነቴ ትዝ ይልሃል።

አታምጧት። ልጅ መድኃኒት አይደለችም። ጆሮዋ የራሷ ነው፣ የአባባ መነጽር አይደለም። ለአንድ ሽማግሌ ስትል ከቀጠሮ ቀርታ ሌላ ዓመት ሙሉ ታክሲ ስትባል ትክረም? የእኔን ጥፋት እሷ አትከፍልም። አስገቧት፣ አሠሩላት፣ ፀጉሯን አስራ ትምህርት ቤት ትግባ። እኔ ያየሁትን ያንን ነፋስ እሷም ትየው።

አባባ ሾርባ በማንኪያ ይቀምሳሉ፣ ከነርሷ እጅ ሲሆን ትንሽ ይሻላል። ትናንት ቀበቶአቸው ላይ አዲስ ቀዳዳ በሳሁ። እግራቸው እንደ ሜትር እንጨት ቀጥኗል። ዛሬ ደግሞ በር ላይ ተቀምጠው ለፖስተኛው ምልክቴን ሲነግሩት ሰማሁ። «ጆሮዋ ሰፊ ነው፣ ከሩቅ ያስታውቃል፣ ቆንጆ ናት» ይሉታል። ዕድሜዬን ሙሉ ቆንጆ ናት ሲሉኝ የሰማኋቸው ዛሬ ገና ነው።

ፖስታውን ከማሸጌ በፊት ይህችን ጨመርኩ። አታምጧት ብያለሁ። ብታመጧት ግን አልቆጣም።

እህትህ

ሐምሌ 1

ለወንድሜ፣

እነ ሚስትህ በሰላም ገብተዋል። ፈረቃህን የሚይዝልህ ጠፍቶ መቅረትህን ሰምቼ ተናደድኩ፣ ኋላ ላይ ግን እንኳን ቀረህ አልኩ። ሁሉንም ንገሪኝ ስላልክ ልንገርህ።

ከአውቶቡስ ስትወርድ አላወቅኳትም። ፀጉሯን ለሁለት ከፍላ ወደ ላይ አስራዋለች፣ ጆሮዋ እንዳለ ወጥቷል፣ ፀሐይ ያሳልፋል። ያቺ ፀጉሯን ወደ ፊት ስትጎትት የኖረች ልጅ። ሚስትህ በጆሮዬ «ራሷ ናት እንደዚህ እሰሪኝ ያለችው» አለችኝ። ጣቢያው ውስጥ ሁለት ልጆች አይተዋት ተሳሳቁ። ሰማች። እጇን እንኳ አላነሳችም።

ቤት ስንገባ አባባ በር ላይ ነበሩ። ምንም ሳንላት ሄዳ በጉልበታቸው መካከል ቆመች፣ ሁለት እጃቸውን አንስታ ጆሮዋ ላይ አስቀመጠች። ጣቶቻቸው ከላይ ጀመሩ። ግማሽ እንኳ አልደረሱም። «ሽንሽኔ!» አሉ። «የት ከርመሽ ነው? ቀጠንሽ እኮ!»

ድንቡሼ ዞር ብላ አየችኝ። በእሺታ ራሴን ነቀነቅኩ። ከዚያ ጆሯቸው ሥር አፏን አድርጋ «ሥራ በዝቶብኝ ነው አባባ!» ብላ ጮኸች። በእኔ ድምፅ አከል፣ በእኔ አነጋገር። ከየት አጠናችው?

በሉ። ኪሳቸው ያለውን ዳቦ እያወጡ ለእሷ ሰጧት፣ እሷም ደረቁን እየቆረጠመች በላች። ሾርባውን ጨረሱ፣ ሳህኑን በዳቦ ጠረጉ። እኔ ጭልፋ ይዤ ጓዳው በር ላይ ቆሜያለሁ። ደስ አለኝ? አዎ። ቀናሁ ወይ? አዎ። በሕፃን ልጅ ቀናሁ። የእኔን ሰላምታ ለሌላ ሰው ሲሰጡ ቆሜ ሰማሁት፤ ዕድሜዬን ሙሉ ስያዝ ምን እመስል እንደነበር ከውጭ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አንተ ከበሩ ጀርባ ያልከው ገባኝ።

ምግቡ ሲያልቅ ወደ ጓዳው በእጃቸው እያመለከቱ፣ «እኚህ ሴትዮ ሰንብተውልኛል፣ በጣም ደግ ናቸው፤ አመስግኛቸው» አሏት። መጥታ እጄን ያዘችና «አመሰግናለሁ እትዬ» ብላ ተንሰቀሰቀች። ሁለታችንም ጓዳ ገብተን በሩን ዘጋን።

ቀጠሮው ማለፉን አውቃለሁ። ትምህርት እስኪከፈት እዚሁ ልሁን ትላለች። እኔ የመናገር መብቴን አቃጥዬዋለሁ።

እህትህ

ጥቅምት 6

ለወንድሜ፣

ሰው በተሰበሰበበት ያልነገርኩህ አንድ ነገር አለ። ከአባባ ቀብር መልስ ትከሻዬን ይዘህ «መጨረሻ ላይ አወቁሽ?» ስትለኝ «እንግዳ መጣ» ብዬ ተነሳሁ። እንግዳ አልመጣም ነበር።

አላወቁኝም።

ትምህርት ተከፍቶ ድንቡሼ ከሄደች በኋላ ለጥቂት ጊዜ ደህና ነበሩ። «ልጄ ሥራ ሄዳለች፣ ትመጣለች» እያሉ ከእኔ እጅ ይበሉ ነበር፤ ልጅቷ ስትሄድ «እኚህ ሴትዮ የሚሰጡዎትን ይብሉ፣ እኔ ነኝ ያልኳቸው» ብላ ጮኻ አስጠንቅቃቸው ስለነበር ነው። ክረምቱን ሙሉ ያኖረቻቸው እሷ ናት። ከዚያ ጉንፋን መጣ፣ ወደ ደረት ወረደ፣ የቀረውን ታውቀዋለህ።

የማታውቀው ይሄን ነው። በሞቱበት ቀን ከሰዓት በኋላ አልጋቸው አጠገብ ቁልፍ እየተከልኩ ነበር። የስፌት መኪናው ንዝረት ስላቆመ ይሁን ወይ ሌላ፣ እጃቸውን አንስተው ፈለጉኝ። ሰጠኋቸው። ጆሮዬን አይደለም፣ እጄን። መርፌ የወጋውን ጣቴን ዳበሱና «እርስዎም ይሰፋሉ?» አሉኝ። አዎ ብዬ እጃቸውን ጫን አደረግኩ። «ጥሩ ሙያ ነው» አሉ። ትንሽ ቆይተው እንዲህ አሉኝ። «ልጄ ስትመጣ ብቻዬን እንዳልነበርኩ ይንገሩልኝ። ትጨነቃለች።»

እነግራታለሁ አልኩ። አልሰሙኝም፣ ግን አልኩ።

መልእክቱ ደርሶኛል። ጠዋት ጠዋት ራሴን እነግረዋለሁ። አንዳንዴ አምናለሁ፣ አንዳንዴ ደግሞ ያቺን ደግ ሴትዮ እጠላታለሁ።

ድንቡሼ በሐዘኑ መሐል ወደ ስፌት መኪናዬ መጥታ «አሁን ባሠራው አባባ ይቆጡኛል?» ብላኛለች። አይቆጡሽም አልኳት። «አንቺስ?» አለችኝ። ጆሮ የሰው ማስታወሻ አይሆንም፣ ሐውልት ከፈለግን ድንጋይ አለ አልኳት። እና አንተም እንዳታግዳት፤ የአባባ ጆሮ ነው ብለህ አንዲትም ቃል እንዳይወጣህ። ከፈለገች ታሠራው፣ ካልፈለገች ትተወው። ዝም ብለህ እጇን ያዝ።

እህትህ

ታኅሣሥ 19

ለእትዬ፣

አሠራችው። በራሷ እግር ገባች። አልጋው ላይ ስትወጣ «ከእትዬ ጋር አንድ ዓይነት ነው አይደል?» አለችው ሐኪሙን። አንድ ዓይነት ነው አላት። ከዚያ በኋላ አላለቀሰችም፤ እኔ ኮሪደር ላይ ሆኜ የእሷንም ድርሻ አለቀስኩ።

ትምህርት ቤት እንዴት ሆነች ላልሽው፣ ፀጉሯን አስራ ሄደች። ያ ታክሲ የሚላት ልጅ አይቷት ምን እንደሚላት ጠፍቶት ዝም አለ አለችኝ። «በሩን ዘጋሁበት» አለችኝና ሳቀች። ሳቋ ግን አጭር ነበር። መስተዋት ፊት ቆማ አገኛታለሁ፣ ደስ ብሏት ነው ስል ደግሞ ትኩር ብላ የሆነ ሰው ትፈልጋለች።

አሁን የምጽፍልሽ ለዚህ ነው። ፋሻው የተፈታ ዕለት ቤት እንደገባን ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። «ዓይንህን ጨፍን» አለችኝ። ጨፈንኩ። መጥታ በጉልበቴ መካከል ቆመች፣ ሁለት እጄን ይዛ ጆሮዋ ላይ አስቀመጠች።

እትዬ፣ የት ጋ እንደሚያዝ አላውቅም ነበር። ሰው ይዞኝ አያውቅም፣ ይዤም አላውቅ። ስፌቱን እንዳላሳምማት ፈርቼ ጣቶቼን አየር ላይ አቆምኳቸው። «ከላይ ጀምር፣ አባባ ከላይ ነው የሚጀምሩት» አለችኝ። ከላይ ጀመርኩ፣ ጠርዙን ወረድኩ፣ ከጀርባው ያለችውን የስፌት መስመር አገኘኋት። «ያቺን ምልክት ያዛት» አለችኝ። «አሁኑኑ ልመዳት። ስታረጅ ጊዜ የለም።»

እስካሁን ጠዋት ጠዋት እንለማመዳለን። ሥራ ልሄድ ስል በሩ ላይ ትቆማለች፣ ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ ከላይ እጀምራለሁ። እናቷ ሻዩ ቀዘቀዘ እያለች ትጮኻለች።

ትናንት «የእትዬንስ ማን ይልመደው?» ብላ ጠየቀችኝ። ዛሬ ፈረቃዬን ለሰው ሰጥቼ የቅዳሜውን አውቶቡስ ይዣለሁ። ስደርስ ወንበር በር ላይ አውጪልኝ። ምንም አትበዪኝ፣ አትጩኺም። ዓይኔን ጨፍኜ እጠብቅሻለሁ።

ወንድምሽ